አንዲት ፊደልና ሃያ ደቂቃ፦ የስፓኒሽ የቃል ፈተና ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

ስፔን ቋንቋዋን ለተማሩ የውጭ አገር ሰዎች የምትሰጠው መንግሥታዊ ዲፕሎማ በአጭሩ «ዴሌ» ይባላል። ሲ1 በሚባለው ከፍ ያለ ደረጃ የቃል ፈተናው እንዲህ ነው። ተፈታኙ ሃያ ደቂቃ መዘጋጃ ይሰጠዋል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ያነባል፣ ማስታወሻ ይይዛል። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ይገባና ሁለት ሰዎች ያገኛል። አንዱ ያነጋግረዋል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጥና ነጥብ ይሰጣል። በመጀመሪያ ያነበበውን አሳጥሮ በራሱ አነጋገር ያቀርባል፤ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ። ቀጥሎ ፈታኙ በዚያው ርዕስ ላይ ያወያየዋል፤ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ። በመጨረሻ ጥቂት ፎቶዎች ወይም ፖስተሮች ይቀርቡለትና ከፈታኙ ጋር ተከራክሮ አንዱን መርጦ መስማማት አለበት። ሃያ ደቂቃው በዚህ ያልቃል።

ለዚህ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው የሚያደርገው በአብዛኛው የታወቀ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ፣ ከቤት ሆኖ ስለ መሥራት፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ስለ ቱሪዝም አንዳንድ ገጽ ይጽፋል፤ ያሳርማል፤ ይሸመድዳል። «በእኔ እይታ»፣ «በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል» የሚሉትን ማያያዣዎች በዝርዝር ያጠናል። ፈተናው ላይም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንደ ውኃ ያንቆረቁራቸዋል። ከዚያ ፈታኙ ቀና ብሎ «ታዲያ ይህ ለድሃ አገርም ይሠራል ይላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የተሸመደደው ገጽ ላይ የለም።

ጥፋቱ ስንፍና አይደለም። ሰውዬው ጠንክሮ ሠርቷል፤ ግን የተዘጋጀው ድሮ ለነበረና አሁን ለተሻረ ፈተና ነው። የቃል ፈተና ለረጅም ዘመን የሚመዝነው አፍን ነበር። ቀጥሎ ዕውቀትንና ትዝታን መዘነ። አንድ ሰው ለሌላ ሰው መልስ መስጠት መቻሉን በወጉ መመዘን የተጀመረው ግን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ደግሞ ለተፈታኝ ከማንኛውም የማያያዣ ዝርዝር በላይ ይጠቅመዋል።

የመጀመሪያው የቃል ፈተና እየተባለ የሚጠቀሰው መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ያለው ነው። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉታል። ኤፍሬማዊው «ሺ» ማለት ስለማይሆንለት «ሲቦሌት» ይላል፤ እዚያው ይታረዳል። መጽሐፉ የሟቾቹን ቁጥር 42 ሺህ ያደርሰዋል። ፈተናው አንድ ጥያቄ፣ አንድ ፊደል፣ አንድ ቅጣት ነበረው።

ስፓኒሽም የራሱ ሺቦሌት አለው፤ ያውም የሩቅ ዘመን አይደለም። በኦክቶበር 1937 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ አምባገነን ራፋኤል ትሩሂዮ በድንበር አካባቢ የሚኖሩ ሄይቲያውያን እንዲጨፈጨፉ አዘዘ። ወታደሮቹ በአብዛኛው የተጠቀሙት በገጀራ ነው። ሲነገር እንደኖረው ወታደሩ አንድ ዘለላ ፐርስሊ አንስቶ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። መልሱ በስፓኒሽ «ፔሬኺል» ነው። በክሪዮል አፉን የፈታ ሄይቲያዊ «ር»ን በምላሱ ጫፍ መታ አድርጎ ማውጣት ያስቸግረዋል። ቃሉ ከተበላሸበት ገጀራው ይከተላል። እልቂቱ እስከ ዛሬ «የፐርስሊ እልቂት» ተብሎ የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የሟቾቹ ቁጥር አሁንም ያከራክራል፤ ግምቱ ከጥቂት ሺዎች ተነስቶ 20 ሺህና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የትሩሂዮ መንግሥት ለሄይቲ ካሣ ሊከፍል የተስማማው 750 ሺህ ዶላር ነበር፤ እሱም በኋላ ወደ 525 ሺህ ዝቅ ተደረገ።

የታሪክ ተመራማሪዎች ግን በቅጠሉ ታሪክ ላይ ጥያቄ ያነሳሉ። በድንበሩ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። ጎረቤት ለጎረቤት ተጋብቶ፣ ገበያ ተካፍሎ የኖረ ሕዝብ ነው። አንዲት ቃል እነዚህን ሰዎች ልትለያቸው አትችልም ነበር። ፈተናው ተደርጎ ከሆነም ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። አፍን የሚመዝን ፈተና ትልቁ ጉድ ይህ ነው፤ ጭካኔው አንድ ነገር ሆኖ፣ ይለያል የተባለውን እንኳ አይለይም።

ወደ ሰላሙ ዓለም ስንመለስ፣ ዘመናዊው የቋንቋ ፈተና የሚጀምረው ከእንግሊዝኛ ነው። ካምብሪጅ በ1913 ከፍተኛ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የቀረቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ፈተናው አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትርጉም አለ፣ ሰዋስው አለ፣ የድምፅ ሥርዓት አለ፣ ሥነ ጽሑፍም አለ። ጭውውት የነበረው ድርሻ ከንባብ ጋር ተዳብሎ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሦስቱም ወደቁ። የዚያ ዘመን ሰው ቋንቋ ያውቃል የሚባለው ሲተረጉምና ሲተነትን ነበር፤ መነጋገር እንደ ማጣፈጫ ነው የሚታየው።

ይህን የገለበጠው የዩኒቨርሲቲ ጥናት ሳይሆን የቀዝቃዛው ጦርነት ሥጋት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ አሜሪካ ዲፕሎማቶቿን በዓለም ስትበትን አንድ ቀላል ጥያቄ መልስ አጣ፦ ከመካከላቸው ቋንቋ የሚችለው ማን ነው? በ1952 የአገሪቱ የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን የመንግሥት ሠራተኞችን የቋንቋ ችሎታ መዝግብ ተባለ። መመዘኛ አልነበረም። እያንዳንዱ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ብቻ ነው የነበረው፤ «ፈረንሳይኛ አቀላጥፋለሁ»፣ «ጀርመንኛ በጣም ጥሩ» ዓይነት። በ1955 የተደረገ የዳሰሳ ጥናት እንዳሳየው፣ ራሳቸውን መዝነው እንኳ ለሥራ የሚበቃ የውጭ ቋንቋ አለን ያሉት የውጭ ጉዳይ ሠራተኞች ከግማሽ በታች ነበሩ። በ1958 የታተመውና የአሜሪካን ዲፕሎማቶች የአገሬውን ቋንቋ የማያውቁ አድርጎ የሳለው «ዘ አግሊ አሜሪካን» የተባለው ልብ ወለድ መጽሐፍ ነገሩን ወደ ሕዝብ አወጣው።

መልሱን ያመጣው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ማሠልጠኛ፣ ፎሪን ሰርቪስ ኢንስቲትዩት ነው። ከ1956 ጀምሮ ሠራተኛው ሁለት ሰዎች ፊት እንዲቀመጥ ተደረገ። አንዱ ቋንቋው የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ሆኖ ያነጋግረዋል፤ ሌላው ይከታተላል፤ በመጨረሻ ከዜሮ እስከ አምስት ደረጃ ይሰጡታል። ዛሬ በዴሌ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሰዎች የእነዚህ የልጅ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ የገጠማቸው ችግርም የሚገርም ነው። ፈታኙ የተፈታኙን ማዕረግና ዕድሜ እያየ ይሳብ ነበር፤ አንድ አንጋፋ አምባሳደር ፊት ለፊት ተቀምጦ «ሁለት» ብሎ መጻፍ ለማን ይቀላል? ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን ችሎታውን በአምስት የሚከፍል ቅጽ ተዘጋጀ፦ አነባነብ፣ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍናና መረዳት።

የቅጹ ነጥብ አሰጣጥ ሊታይ ይገባዋል። ድምሩ 99 ነው። ሰዋስው እስከ 36፣ ቃላት እስከ 24፣ መረዳት እስከ 23፣ ቅልጥፍና እስከ 12 ይይዛሉ። አነባነብ 4 ብቻ ነው። ዮርዳኖስ ዳር ሁሉንም ነገር የነበረችው፣ በ1937ም ሰው አስገደለች የተባለችው ነገር ከመቶ አራት ያህል ሆነች ማለት ነው። መረዳት በአንጻሩ፣ ማለትም የሌላውን ሰው ንግግር ሰምቶ መያዝ፣ ስድስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። (በነገራችን ላይ ይኸው ተቋም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ስፓኒሽን ከቀላሎቹ መደብ ሲያስቀምጠው አማርኛን ግን 44 ሳምንትና 1100 ሰዓት ያህል ትምህርት ይመድብለታል። ስፓኒሽ የሚከብደው አበሻ በዚህ ይጽናና።)

ዘዴው በ1980ዎቹ ከመንግሥት ቢሮ ወደ ኮሌጆች ሲወርድ ቅርጽ ያዘ። ፈታኙ በቀላል ሰላምታ ያሟሙቃል። ቀጥሎ ተፈታኙ የሚመቸውን ደረጃ ይፈልጋል። ከዚያ ሆን ብሎ ከዚያ በላይ ይገፋዋል፤ ንግግሩ የሚሰበርበትን ቦታ እስኪያገኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደሚቀለው መልሶ ያሰናብተዋል። ጥያቄው እየከበደ ሲመጣበት «ጠመደኝ» ብሎ የሚደነግጥ ተፈታኝ ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ፈተና ውስጥ ግን የጥያቄ መክበድ ቀላሉን ማለፍህን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ስፔን ዘግይታ ነው የገባችው። የዴሌ ዲፕሎማዎች በንጉሣዊ ድንጋጌ የተቋቋሙት በ1988 ነው። የሰርቫንቴስ ኢንስቲትዩት በ1991 ተመሠረተና አስተዳደሩን ያዘ፤ በፈተናው ዝግጅትና እርማት የሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ አብሮ ይሠራል። ከዚያ በ2001 የአውሮፓ ምክር ቤት ከኤ1 እስከ ሲ2 ያለውን የደረጃ ማዕቀፍ አወጣ። ብዙ ሰው ማዕቀፉን የሚያውቀው በስድስቱ ደረጃዎች ነው። ለዚህ ታሪክ ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ማዕቀፉ «መናገር» የሚባለውን አንድ ችሎታ ለሁለት ከፈለው። አንዱ ብቻን ማቅረብ ነው፤ ሌላው ምልልስ ነው። ሲ1 ላይ ያለ ሰው ተራውን ጠብቆ የሚገባ፣ የራሱን ሐሳብ ሌላው ካለው ጋር የሚያያይዝ ተደርጎ ተገለጸ። የዴሌ የቃል ክፍል ስሙ ራሱ «የቃል አቀራረብና ምልልስ» የሚሆነው ለዚህ ነው። ሽምደዳ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው የሚሸፍነው።

እንግዲህ ዝግጅቱ ምን ይምሰል?

አንደኛ ነገር፣ የምልልስ ሰዋስው ከንግግር ሰዋስው ይለያል። በስፓኒሽ «ክሬኦ ኬ ኤስ» ብሎ መስማማት ቀላል ነው፤ «ነው ብዬ አምናለሁ» ማለት ነው። ሲቃወም ግን «ኖ ክሬኦ ኬ ሴያ» ይሆናል፤ ግሡ መልኩን ይቀይራል። ሱብኹንቲቮ የሚባለው፣ ተማሪን ሁሉ የሚያንገበግበው የግሥ መልክ ማለት ነው። ጽፎ የሸመደደ ሰው አረፍተ ነገሮቹን ሁሉ በአዎንታ ሠርቶ ሊያመልጠው ይችላል። ፈታኙ የተቃወመው ሰው ግን መሸሻ የለውም፤ «አይመስለኝም»፣ «እጠራጠራለሁ»፣ «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ባለ ቁጥር እዚያው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ይህን ሰዋስው በመልመጃ ደብተር ብቻ መለማመድ አይበቃም። አንድ ሰው «አልስማማም» እያለ ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት።

የሚሻለው ልምምድ አድካሚ ቢሆንም ቀላል ነው። ከማድሪድ፣ ከቦጎታ ወይም ከቦነስ አይረስ ጋዜጣ አንድ የአስተያየት ጽሑፍ ማንበብ፤ ሃያ ደቂቃ መያዝ፤ በአራት ደቂቃ ጸሐፊው ምን እንዳለ ሳያነቡ መናገር። ከዚያ አጥኚ ጓደኛ ተቃራኒውን ይዞ አምስት ደቂቃ ይሟገት። ከዚያ ጎራ ይቀያየሩ። ጎራ መቀየሩ ዋናው ነው፤ ያላመነበትን መከላከል የቻለ ሰው ፈታኙ ከየትም ቢመጣበት አይደነግጥም። ይህ ለአበሻ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በላ ልበልሃና ተጠየቅ የችሎት ወግ በሆኑበት አገር ነገር የሚታወቀው በመመላለስ ነበር፤ የተጠየቀውን ትቶ የራሱን የሚያወራ ይረታል።

ሁለተኛው ሥራ መሰናከልን መለማመድ ነው። ቃል ይጠፋል፤ የአፍ መፍቻውን የሚናገርም ይጠፋዋል። ሲ1ን ከታችኞቹ ደረጃዎች የሚለየው ቃል ሲጠፋ የሚሆነው ነው። «ሜኾር ዲቾ» (በተሻለ አነጋገር)፣ «ኤስ ዴሲር» (ማለትም)፣ «አ ኬ ሴ ረፊዬሬ?» (ምን ማለትዎ ነው?) የሚሉት እንደ ጌጥ ተጠንተው በየቦታው ቢሰኩ ፈታኙ ወዲያው ያውቃል። በቦታቸው ሲመጡ ግን ምልልሱን ያድኑታል። ጥያቄው ያልገባው ሰው «ይድገሙልኝ» ቢል ነጥብ የሚያጣ ይመስለዋል፤ ያልተጠየቀውን መመለስ ይብሳል።

በተጨማሪም አንተና እርስዎ አለ። ስፓኒሽ «ቱ» እና «ኡስቴድ» ይላል፤ አማርኛ ተናጋሪ ልዩነቱን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው ወጥነቱ ነው። በ«ኡስቴድ» ጀምሮ ሙግቱ ሲሞቅ ወደ «ቱ» መንሸራተት ሲ1 ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በተለይ በሦስተኛው ክፍል፣ ከፈታኙ ጋር ፖስተር ሲመረጥ። እዚያ ክፍል ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙዎች የመረጡትን ተናግረው ዝም ይላሉ። ተግባሩ ግን መደራደር ነው፤ የፈታኙን ምርጫ ድክመት ማሳየት፣ ጥቂት መተው፣ ማግባባት።

ስለ አነባነብ የሚጨነቅ ካለ፣ አማርኛ ውለታ ውሎለታል። የስፓኒሹ «ፔሮ» «ሮ» ሲላላ «ግን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ውሻ»። በ«ገና» በዓልና በ«ገና ነው» ያደገ ጆሮ ይህን አይስተውም። ከዚያ በላይ ያለው፣ የማድሪዱ ወይስ የሜክሲኮው አነጋገር የሚለው ጭንቀት፣ ከንቱ ነው። ዴሌ ብዙ የተማሩ ተናጋሪዎች ያሉትን ማንኛውንም የስፓኒሽ ዘዬ ይቀበላል።

ይህች አንቀጽ ለኢትዮጵያውያን ባዶ ቃል አይደለችም። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው በኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ ደሴት ተምረዋል። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ ነበሩ። ስፓኒሽን ያገኙት በአዳሪ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት፣ በእርሻ ሥራና በኳስ ሜዳ ነው፤ በኩባ ዘዬ፣ በቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» እየዋጡ። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው የተመለሱ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ለዴሌ ቢቀርብ ምልልሱ አያስጨንቀውም። ሌላው ዓመታት የሚለፋበት ነገር፣ ሰው ሲቃወመው ሳይደነግጥ መመለስ፣ ለእሱ የልጅነት ጨዋታው ነበር። የሚያስቸግረው መደበኛውን የአቀራረብ ቋንቋ መያዝ ይሆናል።

ፈተናው ገር ሆነ ማለት ግን በር መሆኑ ቀረ ማለት አይደለም። በ1492 ስፔን አይሁዶቿን አባረረች። በዚያው ዓመት የሳላማንካው ምሁር አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ የመጀመሪያውን የካስቲሊያ ቋንቋ ሰዋስው አሳተመ፤ በመግቢያውም ቋንቋና የግዛት ኃይል አብረው እንደሚሄዱ ለንግሥት ኢዛቤላ አስረዳ። የተባረሩት ሰዎች ቋንቋውን ይዘው ሄዱ። በሳሎኒካ፣ በኢስታንቡል፣ በሰሜን ሞሮኮ ለአምስት መቶ ዓመት ቤታቸው ውስጥ አቆዩት። በ2015 ስፔን ለልጅ ልጆቻቸው ዜግነት የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ሕጉ ላዲኖን፣ ማለትም ያንን የድሮ ስፓኒሽ፣ በቤት መናገር የዘር ማስረጃ ሊሆን ይችላል አለ። የቋንቋ ፈተናውን ግን አልተካውም። የአያቱን ስፓኒሽ የሚናገረው የኢስታንቡል ሰው ቢያንስ ዴሌ ኤ2 መቀመጥ ነበረበት፤ ነፃ የሆኑት ከ70 ዓመት በላይ ያሉት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱት፣ በሕግ ችሎታቸው የተገደበባቸውና ስፓኒሽ መንግሥታዊ ቋንቋ የሆነባቸው አገሮች ዜጎች ናቸው። በ2019 የማመልከቻው ጊዜ ሲዘጋ ከ130 ሺህ በላይ ሰዎች አመልክተው ነበር።

ደረጃው ኤ2 ስለሆነ ከብዶ አይደለም። ግን ፈተናው ማንን እንደሚያገለግል ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ሙያዊ መመዘኛው በተሻሻለ ቁጥር ፈተናው ፍትሐዊ ይሆናል፤ ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ግን ሁልጊዜ መንግሥት ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ለውጥ መጥቷል። በ2016 የሰርቫንቴስ ኢንስቲትዩት ከሳላማንካና ከሜክሲኮው ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ «ሲዬሌ» የተባለ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ጀመረ። ፈጣን ነው፣ ቀን ለማግኘት ይቀላል፣ ውጤቱም ቶሎ ይመጣል። በቃል ክፍሉ ተፈታኙ ማዳመጫ አድርጎ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ጥያቄው ይመጣል፤ መልሱ ይቀዳል፤ የሚያርመው ሰው በሌላ ቀን፣ በሌላ ቦታ ያዳምጠዋል። ለዚህኛው ፈተና ያ ሽምደዳ መልሶ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል፤ ክፍሉ ውስጥ የሚያቋርጥ የለም፣ «ይድገሙልኝ» የሚባል ሰውም የለም።